ሰይፍ ከመሰንዘር ሌላ ምን አለ? በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የጨበጣ ውጊያ አማራጮች

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው የምናብ ጨዋታ ነው። ተዋጊ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጀምሩት ሰዎች ቶሎ ይሰለቻሉ። ተራቸው ሲደርስ «እመታዋለሁ» ይላሉ። ዳይስ ይጥላሉ፣ ያገኛሉ ወይም ይስታሉ፣ ተራው ያልፋል። አጠገባቸው ያለው አስማተኛ ግን እሳት ሲያዘንብ፣ ጠላት ሲያስተኛ፣ ሲሰወር ያመሻል። ከዚያ «ተዋጊ መሆን ይደብራል» ይባላል።

አይደብርም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የአስማተኛው ድግምቶች በሙሉ የገጸ ባሕርይ ወረቀቱ ላይ ተዘርዝረው ፊቱ ተቀምጠዋል። የተዋጊው አማራጮች ግን ወረቀቱ ላይ የሉም። መገፍተር፣ ጨምድዶ መያዝ፣ መከላከል፣ ማፈግፈግ የሚባሉት ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የውጊያ ምዕራፍ ላይ ናቸው። ምዕራፉን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያነበው አጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩንና ጠላቶቹን የሚመራው ሰው፣ ብቻ ነው።

እዚህ የምከተለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የአምስተኛ እትም ሕግ ነው። በ2024 ተሻሽሎ ወጥቷል፤ ለውጡን ቦታው ላይ እናገራለሁ። መሠረታዊ ሕጉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለሚገኝ መጽሐፍ የለኝም ብሎ መቅረት የለም።

ለምሳሌ ሁለት ሰዎች እንያዝ። በላይነሽ የአንደኛ ደረጃ ተዋጊ ናት። ጉልበቷ 16 ነው፣ ማለትም ዳይስ ላይ 3 ይጨመርላታል። የሰንሰለት ጥሩርና ጋሻ ይዛለች፤ ኤሲዋ (ምት እንዲያገኛት ዳይሱ መድረስ ያለበት ቁጥር) 18፣ ኤችፒዋ (ከመውደቋ በፊት የምትችለው ጉዳት) 12 ነው። ጓደኛዋ ጩሉሌ ሮግ፣ ማለትም ቀልጣፋ አድብቶ ወጊ ነው፤ ስለት ይወዳል፣ ፊት ለፊት መጋጠም አይወድም።

1. ተራችሁን በአራት ከፍላችሁ እዩ

አንድ ዙር በጨዋታው ዓለም 6 ሰከንድ ነው። በዚያ ውስጥ አራት ነገር አላችሁ። እንቅስቃሴ፣ አክሽን፣ ቦነስ አክሽን እና ሪአክሽን።

እንቅስቃሴ ለአብዛኛው ሰው 30 ጫማ ነው። በካሬ ሰሌዳ ላይ አንዱ ካሬ 5 ጫማ ስለሆነ 6 ካሬ ማለት ነው። ይህን መከፋፈል ይቻላል። ሁለት ካሬ ሄዳችሁ መትታችሁ ቀሪውን አራት መመለስ መብታችሁ ነው። አዲስ ተጫዋቾች ይህን አያውቁም፤ ጠላት አጠገብ ደርሰው ሐውልት ይሆናሉ።

አክሽን ዋናው ነው፤ መምታት፣ መከላከል፣ መርዳት፣ መሮጥ እዚህ ይገባሉ። ቦነስ አክሽን የሚኖራችሁ የሆነ ችሎታ ወይም ሕግ ሲሰጣችሁ ብቻ ነው፤ ሁሌም አለ ብላችሁ አትፈልጉት። ሪአክሽን በሌላ ሰው ተራ ላይ የምትጠቀሙበት ነው። በዙር አንድ ብቻ ናት፤ ተራችሁ ሲጀምር ትመለሳለች።

እነዚህን አራቱን በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ ከወረቀታችሁ ጎን አስቀምጡ። ከታች የማነሳቸውን አማራጮችም እዚያው ጨምሩባቸው። አስማተኛው ዝርዝር አለው፤ እናንተም ይኑራችሁ።

2. ዕድላችሁን አስሉ

በላይነሽ ለመምታት ባለ 20 ፊት ዳይስ ትጥልና 5 ትጨምራለች፤ 3 ከጉልበት፣ 2 ከልምምድ። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ክፉ ፍጡር ኤሲው 15 ነው። ስለዚህ ዳይሱ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። ይህ 55 በመቶ ነው።

አድቫንቴጅ ካገኘች ሁለት ዳይስ ጥላ ትልቁን ትወስዳለች። ዕድሏ ወደ 80 በመቶ ይወጣል። ዲስአድቫንቴጅ ከሆነባት ትንሹን ትወስዳለች፤ ወደ 30 ይወርዳል። በ80 እና በ30 መካከል ያለውን ርቀት እዩት። የትኛውም የአንደኛ ደረጃ መሣሪያ ይህን ያህል ልዩነት አያመጣም። የጨበጣ ውጊያ ጥበቡ በሙሉ ለእኛ አድቫንቴጅ፣ ለነሱ ዲስአድቫንቴጅ ማምጣት ነው ብትሉ አልከራከራችሁም።

3. መሣሪያ ምረጡ፤ ግን ብዙ አትጨነቁ

ሰው ሰዓታት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከሚመስለው ያነሰ ነው።

በላይነሽ በአንድ እጇ ረጅም ሰይፍ ይዛ የአንድ መሣሪያ ስልት ከመረጠች ጉዳቷ ባለ 8 ፊት ዳይስ ሲደመር 5 ነው፤ በአማካይ 9.5። ትልቁን የሁለት እጅ ሰይፍ ይዛ ለእሱ የሚሆነውን ስልት ብትመርጥ ወደ 11.3 ይደርሳል። ሁለት ነጥብ እንኳ አትሞላም። በምትኩ ጋሻዋን ታጣለች፤ ኤሲዋ ከ18 ወደ 16 ይወርዳል፣ የጎብሊን ምት የማግኘት ዕድሉም ከ35 ወደ 45 በመቶ ይወጣል። 12 ኤችፒ ላለው ሰው እኔ ጋሻ ነው የምመክረው። ደረጃ ሲያድግና ተጨማሪ ችሎታዎች ሲመጡ የሁለት እጅ መሣሪያ ሒሳቡ ይቀየራል።

በሁለቱም እጅ ቀላል መሣሪያ መያዝ ለጩሉሌ ይሻላል። ሁለተኛው ምት ቦነስ አክሽኑን ይበላል፤ ጉዳቱ ላይም ተጨማሪ ቁጥሩ አይደመርም። ነገር ግን ሮግ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በድንገተኛ ምቱ ነው፤ እሷም በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ናት። የመጀመሪያው ቢስት ሁለተኛው ዕድል ይሰጠዋል።

ረጅም እጀታ ያላቸው፣ ጫፋቸው ስለት የሆነ መሣሪያዎች 10 ጫማ ድረስ ይመታሉ። ከጋሻ ያዥ ጀርባ ቆሞ መምታት ለሚፈልግ ሰው አሪፍ ናቸው።

4. የት እንደምትቆሙ አስቡ

ጠላት ከመምቻ ርቀታችሁ ሲወጣ ካያችሁት ሪአክሽናችሁን ተጠቅማችሁ አንድ ጊዜ ልትመቱት ትችላላችሁ። የአጋጣሚ ምት እንበለው። እናንተም ከጠላት ስትርቁ ያው ይደርስባችኋል።

ሕጉ የሚለው «ሲወጣ» ነው። በጠላት ዙሪያ መዞር፣ ከፊቱ ወደ ጀርባው መሄድ፣ ከርቀቱ እስካልወጣችሁ ድረስ ምንም አያመጣባችሁም። በግድ የተገፋ ሰውም የአጋጣሚ ምት አይቀምስም። ምት ሳይደርስባችሁ መውጣት ከፈለጋችሁ ዲስኢንጌጅ የሚባለውን ተጠንቅቆ የማፈግፈግ አክሽን ትወስዳላችሁ፤ አክሽናችሁ ግን ሄደ። ጎብሊኖች ይህንኑ በቦነስ አክሽን ስለሚያደርጉት ነው መትተው እያመለጡ ሰውን የሚያበሳጩት።

ወፍራም ጥሩር ያለው ሰው በር ላይ፣ ድልድይ ጫፍ ላይ፣ ጠባብ ኮሪደር ላይ ይቁም። ሰፊ ሜዳ ላይ ጠላት ዞሯችሁ አስማተኛው ዘንድ ይሄዳል። አንድ የአጋጣሚ ምት ብትመቱት እንኳ የሚቀጥለው ሪአክሽን አልቆባችኋል፤ ሦስት ጎብሊን ካለ ሁለቱ በነጻ ያልፋሉ።

ይህ ገደብ ለጠላትም ይሠራል። አስማተኛችሁ ከአንድ ትልቅ ጭራቅ አጠገብ ተይዟል እንበል። በላይነሽ ዶጅ የተባለውን የመከላከል አክሽን ትወስዳለች። ከዚያ ሆን ብላ ከጭራቁ ትርቃለች። ጭራቁ የአጋጣሚ ምቱን ቢሰነዝርባት በዲስአድቫንቴጅ ነው፤ ሪአክሽኑም አለቀ። አሁን አስማተኛው ዘና ብሎ ይወጣል። አጫዋቹ ጭራቁን ብልህ አድርጎ ካጫወተው ግን ላይነካት ይችላል፤ ያም ያጋጥማል።

5. ከመምታት ይልቅ ገፍትሩ

መምታት የሚለውን አክሽን ስትወስዱ አንዱን ምት በግፍተራ መተካት ትችላላችሁ። የእናንተ አትሌቲክስ (የጉልበት ችሎታ) ከጠላት አትሌቲክስ ወይም አክሮባቲክስ (የቅልጥፍና ችሎታ) ጋር በዳይስ ይወዳደራል፤ የቱን እንደሚጠቀም እሱ ይመርጣል። እኩል ከወጣችሁ ምንም አይለወጥም። ጠላት ከናንተ በመጠን ከአንድ እርከን በላይ መብለጥ የለበትም። ካሸነፋችሁ ከሁለት አንዱን ታደርጋላችሁ፤ መሬት ትጥሉታላችሁ ወይም 5 ጫማ ታርቁታላችሁ።

5 ጫማ ስትሰሙ ትንሽ ትመስላለች። ጎብሊኑ ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ግን አስቡት። መውደቅ በየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ጉዳት አለው። ከ20 ጫማ ሲወድቅ አማካዩ 7 ነው። የተለመደው ጎብሊን ኤችፒ ደግሞ 7። በላይነሽ ጎብሊንን የመገፍተር ዕድሏ ወደ 62 በመቶ ነው፤ በሰይፍ ከመምታቷ ይበልጣል። ኤሲ የሚባለው ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ጥሩር የለበሰ ግን ጉልበት የሌለው ጠላት ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ሌላም ጥቅም አላት። ጠላት 5 ጫማ ውስጥ ካለ በቀስትም ሆነ በሚወረወር ድግምት ማነጣጠር ዲስአድቫንቴጅ አለው። ጎብሊኑን ከአስማተኛው አንድ ካሬ ገፋችሁ ማለት አስማተኛው እንደልቡ ያነጣጥራል፤ ቢፈልግም ምት ሳይቀምስ ይሄዳል።

መሬት መጣል ደግሞ እንዲህ ነው። የወደቀን ጠላት ከ5 ጫማ ውስጥ የሚመታ ሁሉ አድቫንቴጅ አለው። እሱ ሲመታ ዲስአድቫንቴጅ አለበት። ለመነሣት የእንቅስቃሴውን ግማሽ ይከፍላል። ከሩቅ የሚተኩስበት ግን ዲስአድቫንቴጅ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ቡድናችሁ ቀስተኛ የበዛበት ከሆነ ጠላት መጣላችሁ ለጠላት ውለታ ነው።

ተራ አያያዙን ሳታዩም አትጣሉ። ከናንተ ቀጥሎ የራሱ የጠላት ተራ ከሆነ ብድግ ብሎ ይመታችኋል፤ ምታችሁ በከንቱ ቀረ። በናንተና በሱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛ ካለ ግን ሁሉም በአድቫንቴጅ ይወርዱበታል።

6. ያዙት፣ ከዚያ ጣሉት

ጨምድዶ መያዝም እንደ ግፍተራው ነው። ምት ይተካል፣ በአትሌቲክስ ይወዳደራል፣ የመጠኑ ገደብም ያው ነው። ልዩነቱ አንድ ባዶ እጅ መፈለጉ ነው። በላይነሽ ሰይፏን ከእጇ መልቀቅ ትችላለች፤ ጋሻ ማውለቅ ግን አክሽን ይበላል።

የተያዘ ሰው ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ያ እየተሙለጨለጨ የሚያመልጥ ጎብሊን አለቀለት፤ ማፈግፈጉም መደበቁም የትም አያደርሰውም። ራሱን ለማስለቀቅ ሙሉ አክሽኑን ከፍሎ እንደገና መወዳደር አለበት። እናንተ ደግሞ በግማሽ ፍጥነት እየጎተታችሁት መሄድ ትችላላችሁ፤ ወደ እሳቱ፣ ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ ጩሉሌ።

መያዝ ብቻውን ለመምታት አድቫንቴጅ አይሰጥም። ብዙ ሰው ይሰጣል ብሎ ያስባል። ኃይሉ የሚመጣው ከመጣል ጋር ሲጣመር ነው። ፍጥነቱ ዜሮ የሆነ ሰው ከወደቀበት መነሣት አይችልም፤ ለመነሣት የሚከፍለው እንቅስቃሴ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይዛችሁ ቀጥሎ ከጣላችሁት እስኪያመልጥ ድረስ መሬት ነው። ጓደኞቻችሁ በሙሉ አድቫንቴጅ፣ እሱ በሁሉም ምቱ ላይ ዲስአድቫንቴጅ።

በአንደኛ ደረጃ ይህ ሁለት ተራ ይወስዳል። አምስተኛ ደረጃ ላይ ተዋጊዎችና ባርቤሪያኖች (በቁጣ የሚዋጉት) ሁለት ምት ስለሚያገኙ በአንድ ተራ ያልቃል። ባርቤሪያን በተለይ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ሲቆጣ በጉልበት ፈተናዎች ላይ አድቫንቴጅ አለው። ሮግም አትሌቲክስን ካጠናከረው ሰው የማይጠብቀው ታጋይ ይወጣዋል።

በ2024ቱ ሕግ ውድድሩ ቀርቷል። ጠላት በጉልበት ወይም በቅልጥፍና ራሱን የማዳን ዳይስ ይጥላል፤ ማለፍ ያለበት ቁጥር 8 ሲደመር ከጉልበትና ከልምምድ የሚጨመርላችሁ ቁጥር ነው። ለበላይነሽ 13 ይሆናል። ከዚያም ሌላ መሣሪያዎች የየራሳቸው ስልት አግኝተዋል፤ ለምሳሌ ረጅም ሰይፍ የመታው ጠላት በሚቀጥለው ምቱ ላይ ዲስአድቫንቴጅ ይኖርበታል። የትኛውን እትም እንደምትጫወቱ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ መሃል ላይ ክርክር ሲነሣ ጨዋታው ይበላሻል።

7. አንዳንዴ አትምቱ

ኦግር ግዙፍ ጭራቅ ነው። ኤችፒው 59፣ የዱላው ጉዳት በአማካይ 13። የበላይነሽ ኤችፒ 12 መሆኑን አትርሱ። አንድ አማካይ ምት ትጥላታለች። ኦግሩ እሷን የማግኘት ዕድሉ 45 በመቶ ነው። እሷ በአንድ ምት ከ59 ላይ ዘጠኝ ወይም አሥር ብታነሳለት ምን ፋይዳ አለው?

ዶጅ ካደረገች ዕድሉ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። በር ላይ ቆማ ዶጅ እያደረገች ኦግሩን ብታቆመው ጓደኞቿ ሥራቸውን ይሠራሉ። ጩሉሌ ለድንገተኛ ምቱ አድቫንቴጅ እንኳ አያስፈልገውም፤ ጓደኛው ከጠላቱ 5 ጫማ ውስጥ ካለ ይበቃል። እሷ መቆሟ ብቻ የሱን ጉዳት ያስገኛል።

መርዳት የሚባለው አክሽን ደግሞ 5 ጫማ ውስጥ ያለን ጠላት በማዋከብ ጓደኛችሁ በሚቀጥለው ምቱ አድቫንቴጅ እንዲያገኝ ያደርጋል። ከናንተ በጣም የበለጠ የሚመታ ሰው ካለ ይጠቅማል፤ ካልሆነ ራሳችሁ ምቱ።

ቅድሚያ ማዘጋጀትም አለ። «በበሩ የሚገባውን እመታለሁ» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ሲገባ በሪአክሽናችሁ ትመቱታላችሁ። ሁለት ምት ያላችሁ ሰዎች በዚህ መንገድ አንዱን ብቻ ነው የምታገኙት፤ ሳያስፈልግ አታድርጉት።

8. አጫዋቹን ጠይቁ

የአጫዋቹ መጽሐፍ ላይ እንደ ምርጫ የተቀመጡ ሕጎች አሉ። ትጥቅ ማስፈታት፣ ትልቅ ፍጡር ላይ መውጣት፣ ጠላትን በሁለት ጎን አስገብቶ አድቫንቴጅ ማግኘት። የመጨረሻውን እኔ አልወደውም። ሁለት ሰው በተቃራኒ ጎን መቆሙ ብቻ አድቫንቴጅ ካስገኘ ማን ይገፈትራል፣ ማን ይይዛል? ሁሉም ሰው ሰልፍ ይዞ ይመታል። ትጥቅ ማስፈታት ግን ይግባ። የሽፍታውን አለቃ ሰይፍ አስጥሎ በእግር ገፋ ማድረግ የሚያስደስት ነገር ነው።

ያልተጻፈ ነገር ስትፈልጉ የምትፈልጉትን ውጤት ተናገሩ። «ጠረጴዛውን ገልብጬ መንገዱን ልዝጋ፣ ምን ልጣል?» ካላችሁ አጫዋቹ ወዲያው ዳይስ ይመርጥላችኋል። «የሆነ አሪፍ ነገር አደርጋለሁ» ብትሉት ምን ይመልስላችሁ?

በጨበጣ ብቻ የሚገኝ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጠላትን ወደ ዜሮ ኤችፒ ያወረደው ምት የጨበጣ ከሆነ እንዳልሞተና ራሱን እንደሳተ መምረጥ ትችላላችሁ። ቀስተኛው ይህ መብት የለውም። ምርኮኛ ይናገራል፤ ሬሳ አይናገርም።

አንድ ውጊያ እንያዝና እንየው

ተራው እንዲህ ነው፤ ጎብሊን፣ በላይነሽ፣ ጩሉሌ፣ አስማተኛው፣ ኦግሩ።

በመጀመሪያው ዙር ጎብሊኑ ሮጦ አስማተኛውን ይወጋዋል። በላይነሽ ደርሳ ጎብሊኑን አንድ ካሬ ገፍትራ ታርቀዋለች። ጩሉሌ ይጨርሰዋል። አስማተኛው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ኦግሩ ገና ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠ ነው።

በሁለተኛው ዙር በላይነሽ በሩ ላይ ቆማ ዶጅ ታደርጋለች። ጩሉሌ ከጎኗ ብቅ ብሎ ቢላውን ይወረውርና ይመለሳል። አስማተኛው ይተኩሳል። ኦግሩ ደርሶ ዱላውን ያሳርፋል፤ በ20 በመቶ ዕድል።

በሦስተኛው ዙር ኦግሩን ለመጣል ትሞክራለች። እሱ ከሷ አንድ እርከን ብቻ ስለሚበልጥ ሕጉ ይፈቅዳል። የሷ 5 ከሱ 4 ጋር፣ ዕድሏ ከ52 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ከወደቀ ጩሉሌ ተጠግቶ በአድቫንቴጅ ይወጋዋል። አስማተኛው ቀጥሎ የሚነጣጠር ድግምት እንዳይጠቀም፤ ኦግሩ ወድቋል፣ እሱ ደግሞ ሩቅ ነው። ጠላት ራሱን የማዳን ዳይስ የሚጥልበትን ድግምት ይምረጥ። ከዚያ ኦግሩ ከ40 ጫማው 20 ከፍሎ ይነሣና ይመታል፤ በላይነሽም በዚህ ዙር ዶጅ ስላላደረገች ዕድሉ እንደገና 45 በመቶ ነው። ኤችፒዋ 12 ነው፤ ጩሉሌ ከወጋ በኋላ እንቅስቃሴ ከቀረው ከዱላው ርቀት መውጣቱን ሊያስብበት ይገባል፤ የአጋጣሚ ምት ግን አይርሳ። ወድቆ ያለ ጭራቅ ያንን ምት የሚሰነዝረው በዲስአድቫንቴጅ ነው።